«እሺ» ያለች ቀን

ጎማ ለማስጠገን የመጣ እንግዳ ሹፌር ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ጎሚስታው የለም እንዴ?» እሷም ከመኪናው ሥር ቀና ሳትል ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የምትመልሰው አንድ መልስ ነው፤ «ጎሚስታው የለም። ጎሚስታዋ ግን አለች።» ሰውየው ከሳቀ ጎማውን ቶሎ ትሠራለታለች። ካልሳቀም ትሠራለታለች፤ ብቻ ብሎኖቹን ራሱን ታስፈታዋለች። ከሁለት ዓመት ወዲህ ደግሞ አንድ ጥያቄ የእሷ ሆኗል። ጎማውን አስራ ስትጨርስ እጇን በጨርቅ እየጠረገች፣ ልጆች አሉህ ወይ፣ ጉንፋን የያዘው አለ ወይ፣ ስንት ቀኑ ነው፣ ግንባሩን ያመዋል ወይ እያለች ታፋጥጠዋለች። ሰዎቹ ጎማ ሊያስጠግኑ መጥተው ምርመራ ገባን እያሉ ይቀልዱባታል። ይቀልዱ፤ እሷ ሳትጠይቅ አትለቅም።

የሥራ ቦታዋ አውቶቡሶች በሚዞሩበት አደባባይ ጥግ ያለች ባለ አንድ በር የቆርቆሮ ቤት ናት። ከደጇ ግማሽ በርሜል ውሃ አለ፤ የተነፈሰ የጎማ ከመነዳሪ እዚያ ውስጥ ይነከርና አረፋ የሚያወጣበት ቦታ ይፈለጋል። ከበርሜሉ ቀጥሎ ሲነሳ እንደ ሽማግሌ የሚያስል ኮምፕሬሰር፣ ከዚያ ያረጁ ጎማዎች ክምር፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ጎማን ከቸርኬው የሚፈለቅቁ ረጃጅም ብረቶች ተሰቅለዋል። ሙያውን የተማረችው ከአባቷ ነው። ሁለቱ ወንድሞቿ እጃችን አይጠቁርም ብለው ወደ ቢሮ ሥራ ሲሸሹ እሷ ቀረች፤ በመቅረቷም አንድ ቀን አልተጸጸተችም።

«ሰው ይዋሻል፤ ሹፌር ደግሞ ይብሳል» ይላት ነበር አባቷ። «ጎማ ግን አይዋሽም። ከውጭ ካበጠ ከውስጥ ክሩ ተበጥሷል። ያበጠ ጎማ ይዤ ልሂድ የሚል ሰው ካየሽ አትልቀቂው። ቢሰድብሽም አትልቀቂው።»

ቤትና መሬት ስላልነበረው ያወረሳት ይህንኑ ቃል ነው። አንድ ጊዜ ሰው የሞላ ሚኒባስ የፊት ጎማው ጎን ላይ የእንቁላል ያህል አብጦ አየች። ሹፌሩ ንፋስ ብቻ ሙይልኝ ሲላት እምቢ አለች። ሞተሩን አስነስቶ ሊሄድ ሲል ከፊቱ ቆመች። ተሳፋሪው ረፍዶበት ስለነበር ከሹፌሩ ጋር ተባብሮ ሰደባት፤ አንዷማ በመስኮት ብቅ ብላ ቤትሽ ገብተሽ ልጅሽን አታሳድጊም ወይ አለቻት። ጎማው እስኪቀየር ከቆመችበት ንቅንቅ አላለችም። ሰፈሩ «ግትሯ» ይላታል። ከአፏ «እሺ» የሚል ቃል ሲወጣ ሰምቶ የሚያውቅ ሰው ካለ ይምጣና ይመስክር።

ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ በወር አራት አምስት ቀን ቤቱ ቢያድር ነው። ስለዚህ ቤቱን የያዙት ሦስት ሴቶች ነበሩ፤ ጎሚስታዋ፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የምትሰፋው ታላቅ እህቷ፣ እና አሥራ አምስት ዓመት የሞላት ልጇ። ልጅቱን ሰው ሁሉ «ጠበቃዋ» ይላታል። ምላሷ ጤፍ ይቆላል። ደመና ስላለ ጃንጥላ ያዢ ቢሏት፣ ጃንጥላ የያዝኩ ቀን ዘንቦ አያውቅምና ዝናብ ከፈለጋችሁ ተዉኝ ትላለች። ተኚ ቢሏት እንቅልፍ በትእዛዝ እንደማይመጣ ታስረዳለች። የእናቷን ግትርነት ወርሳ የራሷን አፍ ጨምራበታለች።

አክስቷ በዚህ ነገር ሆድ ይብሳታል። ሴት ልጅ እንዲህ መልስ መላሽ ሆና የት ትደርሳለች እያለች፣ ከስፌት መኪናዋ ላይ ቀና ሳትል በቀን አምስት ጊዜ ያችኑ ተረት ትተርትባታለች፤ «እሺ ይበልጣል ከሺ።»

ጠበቃዋ መልሷ የተዘጋጀ ነው፤ «ማን ቆጥሮት?»

አክስት ተናዳ መርፌዋን ትጥላለች፣ ጎሚስታዋ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትስቃለች፣ ጠበቃዋ መርፌውን አንስታ ትሰጣለች። ስንት ዓመት እንዲህ ኖሩ።

ነገሩ የጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት፣ ማንም ከቁም ነገር በማይቆጥረው ነገር ነው፤ በጉንፋን። በዚያ ሰሞን የልጅቱ ክፍል ተማሪ እኩሌታው ያነጥስ ነበር። ሌሎቹ በሳምንት ዳኑ። ጠበቃዋም አንድ ሁለት ቀን ተሻላት፤ ከዚያ ተመልሶ ባሰባት። አፍንጫዋ ተደፈነ፤ ትኩሳት መጣ፤ ጫማዋን ለማሰር ጎንበስ ስትል ግንባሯ ሊፈነዳ የደረሰ ይመስላት ጀመር። ጤና ጣቢያ ሄዱ። ጉንፋን ነው፣ ፈሳሽ ትጠጣ፣ ትረፍ፣ ካልተሻላት ተመለሱ ተባሉ። ያየቻት ሲስተር አጠፋች ለማለት አይቻልም። ጉንፋን ብዙውን ጊዜ ጉንፋን ሆኖ ነው የሚያልፈው። ተመለሱ የተባለውን ግን ቤቱ ረሳው፤ ፈተና ደርሶ ነበር፣ ሥራ በዝቶ ነበር፣ ጉንፋን ደግሞ ጉንፋን ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ልጅቱ ግንባሯ አብጦ ተነሳች። ጎሚስታዋ ስታየው ምክንያቱን አውቀዋለሁ አለች በልቧ። ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ቅዳሜ ቀን፣ ልጅቱ ልታግዛት ሱቅ መጥታ የከባድ መኪና ጎማ አብረው ሲፈለቅቁ ብረቱ ከእናቲቱ እጅ አምልጦ ግንባሯን መቷት ነበር። ያን ጊዜ ጠበቃዋ እያለቀሰች ጭምር፣ ጥፋተኛው ብረቱ ነው ወይስ ብረቱን የያዘው ብላ ተከራክራ ነበር። እናት ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ ለእህቷም። ያፈረችበት ነገር ነው። አሁን እብጠቱን ስታይ ያ ብረት እንደገና ከእጇ ያመለጠ መሰላት።

ስለዚህ በሰፈሩ ክሊኒክ ውስጥ የተመለከታት ባለሙያ ምን ሆና ነው ሲል፣ ልጅቱ አፏን ሳትከፍት እናት ቀድማ፣ ብረት መቷት ነው፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት አለች። ሰውየውም እንደ ተነገረው «የብረት ምት» ብሎ ጻፈ። ማስታገሻ ሰጣት፣ ቀዝቃዛ ጨርቅ አድርጉበት አለ። ስለ ጉንፋኑ አልጠየቀም፤ እሷም አልነገረችውም። ጥፋቷን ለመናዘዝ ስትቸኩል ልጇን ለሌላ በሽታ አሳልፋ ሰጠቻት። ይህን ዛሬም ድረስ ለራሷ ይቅር አላለችውም።

ረቡዕ ልጅቱ ሁለቴ አስታወከች። አክስቷ ባዶ ሆዷን ስለዋለች ነው አለች። ሐሙስ ነጋ።

ሐሙስ ጠዋት ጎሚስታዋ ወደ ሥራ ከመውጣቷ በፊት ልጇን ዛሬ ትምህርት ቤት አትሄጂም አለቻት። ቢያንስ ለሩብ ሰዓት ክርክር ተዘጋጅታ ነበር፤ በማግስቱ ፈተና አለ።

«እሺ» አለች ልጅቱ።

እናት ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እንደያዘች ቆመች። ብርድ ነው፣ ሹራብሽን ልበሺ አለቻት። ልጅቱ አሁንም «እሺ» አለች፤ ሹራቡን ግን አላነሳችም። አክስት ከስፌት መኪናዋ ላይ ደስ ብሏት ቀና አለች። «ይኸው ልብ ገዛች! አላልኩም? እሺ ይበልጣል ከሺ።» ይህን ብላ እንደ ልማዷ መልሱን ጠበቀች። ልጅቱ አየቻት። ዓይኗ አክስቷ ላይ ቢሆንም የምታየው ሌላ ነገር ይመስል ነበር።

«እሺ» አለች ለሦስተኛ ጊዜ።

የአክስት እጅ ጨርቁ ላይ ቀረ። በዚያው ቅጽበት ልጅቱ በግራ እጇ የያዘችው ብርጭቆ ሲሚንቶው ላይ ወድቆ ተሰበረ። ልጅቱ ወለሉን አላየችም፤ እጇንም አላየችም።

ጎሚስታዋ ቦርሳውን ጥላ ከልጇ ፊት ተንበረከከች። አውራ ጣቷን እብጠቱ ላይ አኑራ ጫን አደረገች። በሕይወቷ ብዙ ሰው ብረት ሲመታው አይታለች፤ ራሷም ተመትታለች። የምት እብጠት ጠንካራ ነው፣ ሲነኩት ያስጮሃል። ይህኛው ለስላሳ ነበር፤ ጣቷን ስታነሳ ጉድጓዱ እንዳለ ቀረ። ያን ጊዜ ነው ያ ሁሉ ነገር አንድ ላይ የመጣላት። ብረቱ የመታት ከግራ ቅንድቧ በላይ ነበር፤ እሱም በሁለት ቀን ጠፍቷል። ይህ ያበጠው ከመሐል ወደ ቀኝ ነው። ይህ የብረት አይደለም። ከውጭ ካበጠ ከውስጥ አንድ ነገር ተበጥሷል።

«እትዬ፣ ነጠላሽን ያዢ» አለቻት እህቷን። «እንሄዳለን።»

አደባባዩ ላይ የመጀመሪያው ሚኒባስ ፊት ቆመች። አጋጣሚ ሆኖ ሹፌሩ ያ ጎማውን ያስቀየረችው ሰው ነበር። ይህች ሴት ከቆመች እንደማትነሳ ከማንም በላይ ያውቃልና ምንም አልተከራከረም፤ ተሳፋሪዎቹን ይቅርታ ጠይቆ በቀጥታ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ነዳ። መንገድ ላይ አክስት እያለቀሰች፣ የሰው ልጅ ግንባሩ ላይ የተጻፈለትን አያልፍም፣ ምን ይደረጋል አለች።

«ግንባሯ ላይ የተጻፈውን አላነብም» አለቻት ጎሚስታዋ። «ያበጠውን ነው የማየው።»

የሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ወረፋው እስከ ደጅ ወጥቷል። መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ ከክሊኒኩ የመጣውን ወረቀት አነበበ፤ «የብረት ምት» ይላል። ድንገተኛ አይደለም፣ ሰኞ በቀጠሮ ትታይ አለ። ሰኞ ደግሞ ታካሚዋ ራሷ በግንባር መቅረብ አለባት ብሎ ጨመረ።

«ይኸው፣ ግንባሯን ነው ይዤ የመጣሁት» አለችው።

ወረፋው ሳቀ፤ ሰውየው አልሳቀም። ቀጣይ ብሎ ጠራ። ጎሚስታዋ ከመስኮቱ አልተነሳችም። ጥበቃ ተጠራ። ጥበቃው ትልቅ ሰው ነው፣ በጨዋ ደንብ፣ እናቴ ሰው እያስቸገሩ ነው፣ እባክዎ ገለል ይበሉ አላት። እምቢ አለችው። እጇን ያዘ፤ ሃያ ዓመት የከባድ መኪና ብሎን የፈታ እጅ መሆኑን ሲያውቅ መልሶ ለቀቀው። ከኋላዋ ያለው ሰው ደግሞ ሁላችንም ታመን ነው የመጣነው እያለ ያጉረመርም ጀመር። እውነቱን ነው። ቢሆንም ልጇ አግዳሚው ወንበር ላይ በአክስቷ ትከሻ ተደግፋ፣ ለሚያልፈው ለሚያገድመው ሁሉ «እሺ» እያለች ነበር፤ ጎሚስታዋ ያንን እየሰማች ጨዋ ለመሆን አልቻለችም።

አንዲት ወጣት ሐኪም ፋይል አቅፋ ስታልፍ ጎሚስታዋ መንገዷን ዘጋች። ሐኪሟ ዓይኗ በድካም ቀልቷል።

«ዶክተር፣ አንድ ጊዜ በአውራ ጣትዎ ይጫኑልኝ። ከዚያ ሂጂ ካሉኝ እሄዳለሁ።»

ሐኪሟ የምታመልጥበት መንገድ ሲጠፋት ጎንበስ ብላ ጫነችው። ጣቷን አነሳች፤ ጉድጓዱ ቀረ። ፋይሉን ወንበሩ ላይ አስቀመጠች። ጉንፋን ይዟት ነበር ወይ፣ ከስንት ቀን በፊት፣ ተሽሏት ነበር ወይ፣ አስታውካለች ወይ እያለች በተራ ጠየቀች። ከዚያ ወረቀቱን አንስታ ብረት መታት ያለው ማነው አለች።

«እኔ ነኝ። ተሳስቼ ነው። ብረቱ የመታት በግራ ነው፤ ይሄ በቀኝ ነው።»

ይህን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መናገር ከጥበቃው ጋር ከመታገል ይልቅ ከበዳት። ሐኪሟ ግን አልፈረደችባትም፤ ጊዜም አልነበራትም። ልጅቱን ዓይንሽን ጨፍኚ፣ ሁለቱንም እጅሽን ወደ ፊት ዘርጊ አለቻት። «እሺ» አለች ልጅቱ፣ ዘረጋችም። ቀኙ በቦታው ቆየ። ግራው፣ ማንም ሳይነካው፣ ቀስ እያለ ወደ ታች ወረደ።

ከዚያ በኋላ ያለው በሩጫ ነበር። የጭንቅላት ሲቲ ስካን የሚያነሳው ክፍል ለዛሬ ሞልቷል ሲል አሁን እምቢ ያለችው ወጣቷ ሐኪም ናት። ስልኩን ይዛ፣ ይቺ ልጅ ሳትነሳ ከዚህ አልንቀሳቀስም ስትል ጎሚስታዋ በሩ ላይ ቆማ ሰማቻት፤ በዚያ ሁሉ ጭንቅ ውስጥ ደስ አላት። ልጅቱ ከእኩለ ቀን በፊት ፎቶውን ተነሳች። መድኃኒቱም በዚያው ሰዓት በደም ሥሯ መግባት ጀመረ።

የአንጎል ቀዶ ሐኪሙ ጸጉሩ የሸበተ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ፎቶውን በስክሪን ላይ አሳያት። ከቅንድብ በላይ በአጥንቱ ውስጥ አየር ያለባት ትንሽ ክፍል አለች፤ ጉንፋኑ እዚያ ገብቶ መውጫው ተደፍኖበት መግል ሆኗል። መግሉ ወደ ፊት አጥንቱን በልቶ ግንባሯን አሳበጠ። ወደ ኋላ ደግሞ የአንጎሏን ሽፋን አልፎ ገብቶ አንጎሉን እየተጫነው ነው። ሐኪሙ በእርሳሱ ጫፍ አንድ ቀጭን መስመር ተከተለ።

«እዚህ አጥንት ውስጥ የሚያልፉት ደም ሥሮች ቫልቭ የላቸውም» አላት። «ስለዚህ...»

«ስለዚህ ወዲያም ወዲህም ይሄዳል» አለች ጎሚስታዋ።

ሐኪሙ ዞር ብሎ አያት። ቫልቭ ከሌለ ምን እንደሚሆን የሚነግራት ሰው አያስፈልጋትም ነበር። ያልገባት ሌላ ነው፤ እሷ ራሷ በዕድሜዋ ስንት ጉንፋን አሳልፋለች፣ ለምን በልጅ? በዚህ ዕድሜ ያቺ የአየር ክፍል ገና በማደግ ላይ ናት፣ እነዚያ ደም ሥሮችም የሚበዙት ያን ጊዜ ነው አላት። የሚደርስባቸው ጥቂቶች ናቸው፤ የደረሰ ቀን ግን ጊዜ አይሰጥም። አሁን አጥንቱን ከፍቶ መግሉን ማጠብ፣ በአፍንጫዋም ገብቶ የተደፈነውን መክፈት ግድ ነው።

ጎሚስታዋ አንድ ጥያቄ ብቻ ቀራት። መሞትና መዳኑን አልነበረም የምትጠይቀው፤ ያንን ከፊቱ አንብባዋለች።

«ስትመለስ ያቺው ራሷ ናት የምትመለሰው?»

«ቃል አልገባልሽም» አላት። «ዛሬ ካልከፈትነው ግን ማንም አይመለስም።»

ፈረመች። ከፊርማዋ አጠገብ የአውራ ጣቷ ጥቁር አሻራ ወረቀቱ ላይ ቀረ፤ የጎማ እድፍ በሳሙና አይለቅም። ባሏ በስልክ ሲሰማ መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ አለቀሰ። ሁለት ቀን የሚያስነዳ መንገድ ላይ ነበር። እያየህ ንዳ፣ እዚህ እኔ አለሁ አለችውና ስልኩን ዘጋች። ከዚያ አራት ሰዓት ያህል የቀዶ ሕክምናው በር ፊት ቆመች። ወንበር አመጡላት፤ አልተቀመጠችም።

ልጅቱ ተረፈች። በአምስተኛው ቀን ዓይኗን በደንብ ገለጠች፣ ሰው ለየች፣ ውሃ ዋጠች። ግራ እጇ ደካማ ነው፤ ቢሆንም ጣቶቿ ይንቀሳቀሳሉ። መድኃኒቱ ስድስት ሳምንት በደም ሥር ይቀጥላል ተባለ። ሲስተሮቹ እንደ እሷ ያለ ልጅ አይተን አናውቅም አሉ። ተነሺ ሲሏት «እሺ»፣ መርፌ ነው ሲሏት «እሺ»፣ ሲያማት እንኳ «እሺ»። ከዚህች ቃል ሌላ ከአፏ የሚወጣ አልነበረም። አክስት፣ ከሞት ተርፋልኝ ቃል አላማርጥም ብላ ፈጣሪዋን አመሰገነች።

ጎሚስታዋ አመስጋኝ መሆን አቃታት። በየ«እሺ»ው አንጀቷ ይቆረጥ ነበር። ይቺ ጨዋ ልጅ የሌላ ሰው ልጅ ነው የምትመስላት፤ የእሷ ልጅ ሌላ ናት፣ ያቺ አጥንቱ ሲከፈት የት እንደ ገባች አይታወቅም። ሐኪሙ ጊዜ ስጫት አላት። ጊዜውን ሰጠች፤ ዝም ብላ ግን አልሰጠችም። በየቀኑ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ፣ ጤነኛ ጠበቃ ሰምቶ የማያልፈውን ነገር ሁሉ ትናገር ጀመር። ከዛሬ ጀምሮ ጸጉርሽን የምቆርጠው እኔ ነኝ፤ ላስቲክ በምቆርጥበት በዚያው መቀስ። እሺ። ሒሳብ የሚባል ትምህርት ለሴት ልጅ አይጠቅምም። እሺ። ጎማ አራት ማዕዘን ቢሆን ኖሮ ዳገት ላይ ባልተንሸራተተ ነበር። እሺ።

የክፍሉ ታማሚ ሁሉ ይስቅ ነበር። አንዷ ሲስተር ልጅቱን አታድክሚያት፣ ትረፍ ብላ ተቆጣቻት። ጎሚስታዋ ያን ጊዜ ተነስታ ወደ መታጠቢያ ቤት ትሄዳለች፣ ቧንቧውን ከፍታ አምርራ ታለቅሳለች፣ ፊቷን ታጥባ ትመለስና አዲስ ውሸት ትጀምራለች። የተነፈሰ ጎማ በውሃ ይሞላል። አባትሽ ከእኔ የተሻለ ብሎን ይፈታል። እሺ። እሺ። ያበጠ ጎማ የያዘን ሰው አትልቀቂ የተባለችው ቢሰድባትም ነበር፤ «እሺ» ቢላት ምን እንደምታደርግ አባቷ አልነገራትም። እሷም በራሷ ፈቃድ አለቅም አለች።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ አክስት ሾርባ ይዛ መጣች። ልጅቱ ሦስት ማንኪያ ከዋጠች በኋላ አፏን ገጠመች። አክስት ማንኪያውን ከከንፈሯ አስጠግታ ለመነቻት፣ አባበለቻት፣ በመጨረሻም ሳታስበው የለመደ አፏ አመለጣት።

«አንዲት ማንኪያ ብቻ፤ እሺ በይኝ የኔ ልጅ። እሺ ይበልጣል ከሺ።»

ልጅቱ ማንኪያውን አየች። ከዚያ አክስቷን አየች። ከፋሻው ሥር ቅንድቧ ተሰበሰበ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ቆመ፣ እንደገና ተንቀሳቀሰ።

«ማን... ቆጥሮት?» አለች።

ማንኪያው ወደቀ። ለዚያች መልስ ስንት ዓመት መርፌ ስትጥል የኖረች አክስት፣ አልጋው ግርጌ ተደፍታ የልጅቱን እግር ከነአንሶላው ይዛ አለቀሰች። ጎሚስታዋ እንደ ልማዷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ያየ እየሳቀች ይመስለዋል።

ልጅቱ ግን አልጨረሰችም። አንገቷን በትራሱ ላይ ቀስ ብላ ወደ እናቷ ጀርባ አዞረች። ብዙ ቀን ሲጠራቀም የቆየ ክርክር ነበረባትና ከየትኛው እንደምትጀምር ለማሰብ ጥቂት ጊዜ ወሰደባት።

«ደግሞ እማ» አለች፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየፈለገች፣ «ጎማ... አራት ማዕዘን ከሆነ... አይዞርም። አትዋሺ።»

ጎሚስታዋ ከግድግዳው ዞረች። ፊቷን በዚያ በጠቆረ እጇ ጠረገች።

«እሺ» አለች።